ከሳሪስ አቦ እስከ ዝቋላ አቦ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ መንገድ ነው። መስቀል አልፎ፣ ደመናው ተገፎ፣ የሳሪስ ጭቃ ደርቆ፣ መስከረም 26 ዘመነ ጽጌ ሲገባ ሰው ቤቱ መቀመጥ ያቅተዋል። ከዚያ በማለዳ ይነሣና፣ የሳሪስ አቦን ደጅ ይሳለምና፣ ቃሊቲ መናኸሪያ ወርዶ፣ ቢሾፍቱ እያለ ከሚጣራው ረዳት ዘንድ አንድ ወንበር ይይዛል።

ለቸኮለ ሰው ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው ፈጣን መንገድ አለለት። እኔ ግን አሮጌውን እመርጥላችኋለሁ፤ አቃቂን ያሻግራችኋል፣ ከዚያ ገላን፣ ከዚያ በቁርጥ ሥጋ የታወቀችው ዱከም፤ የጽጌን ጾም የያዘ ሰው እንኳ ዱከምን ሻይ ጠጥቶባት ያልፋል። በግራ የረር ተራራ፣ በቀኝ የዝቋላ ተራራ አብረዋችሁ ይጓዛሉ፤ በመካከላቸው የአድአ ማሳ ተዘርግቷል፣ ጤፉ አጎንብሷል፣ ንፋስ በነካው ቁጥር ይተኛና ይነሣል። ከጎኑ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ገበሬው ክረምቱ ባስቀረው እርጥበት ሽምብራውን ዘርቷል። ቁንጮ የተባለው ዝነኛ ጤፍም በ1998 ዓ.ም. ለገበሬ የቀረበው ከዚሁ ከቢሾፍቱ፣ ከደብረ ዘይት እርሻ ምርምር ነው፤ እንጀራችን ከየት እንደመጣ ማየት ራሱ ጉብኝት ነው።

ቢሾፍቱ ስትገቡ ሐይቅ ያለ አይመስላችሁም። በመንደሩ መካከል ትሄዳላችሁ፣ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ መሬቱ በድንገት ከእግራችሁ ሥር ይቆረጣል፤ ውሃው ታች፣ እናንተ ላይ። በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ የመጣ እሳት ውሃ አግኝቶ ሲፈነዳ የተከፈቱ ጉድጓዶች ናቸው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ባቦጋያ አለ፣ ኩሪፍቱ አለ፣ በዓይን በማይታይ ደቂቅ አልጌ የተነሣ መልኩ የተለወጠው አረንጓዴ ሐይቅም አለ። ጨለለቃ ግን ሌላ ነው፤ ጥልቀት የለውም፣ እንደ ዝናቡ ይሰፋል ይጠባል፣ በጥቅምት ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎች ያርፉበታል። እሱን ለማየት ጠዋት ሂዱ፣ ድምፃችሁንም ቀንሱ።

ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ላይ ግን ቆም እንበል። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ በሚውል እሁድ የኦሮሞ ሕዝብ ነጭ ለብሶ፣ አባ ገዳዎቹን አስቀድሞ፣ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደዚህ ውሃ ይወርዳል። ሣሩን ውሃ ያስነካል፣ ክረምቱን በሰላም ላሻገረው ዋቃ ምስጋና ያቀርባል። በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ለምስጋና ከወጡት መካከል ብዙ ሰዎች ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ አስለቃሽ ጢስ ተተኮሰ፣ ሕዝቡ ተረበሸ፣ ሰው በሰው ላይ ወደቀ። ዳርቻው ላይ ስትቆሙ እነሱን አስቡ።

ከዚያ ወደ ዝቋላ። ጥቅምት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ነው፤ የሳሪሱ አቦና የዝቋላው አቦ አንድ ጻድቅ ናቸውና ይህን መንገድ የሳሪስ ሰው እንደራሱ ያውቀዋል። ተጓዡ በወንበር ማርያም በኩል ሽቅብ ይይዛል፣ ወጣቱ የአሮጊቷን ስንቅ ይሸከማል፣ የቀደመው የኋለኛውን ቆሞ ይጠብቃል፣ ብርዱም ከፍታው በጨመረ ቁጥር ይበረታል። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው ጫፍ ላይ ሲደረስ ጥዱ ይከበዋል፣ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፣ በመካከሉም ሌላ ሐይቅ ይገኛል። ጻድቁ በዚህ ውሃ ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቀው መቶ ዓመት ስለ ኢትዮጵያ እንደጸለዩ ገድላቸው ይናገራል። መነኮሳቱም ውሃውንና ደኑን እንደ ቤተ መቅደስ ጠብቀው አቆይተውልናል።

ታች ሜዳ ላይ በሣርና በአበባ፣ ላይ ተራራ ላይ በጸበልና በጸሎት፣ በአንድ ሰሞን ሁለቱም ወገን ወደ ውሃ ይመጣል። ይህን የመሰለ ነገር ፍለጋ ሌላ ቦታ ልሂድ ብላችሁ አትድከሙ፤ ከሳሪስ ደጅ ብዙም አይርቅም። የሚያሳዝነኝ የቢሾፍቱ ሐይቆች ዳርቻ ነው፤ በሆቴል አጥር እየተያዘ፣ ውሃውን በነፃ የሚያይበት ቦታ ለድሃው እየጠበበበት መጥቷል፤ ይህ ልክ አይደለም።

እንግዲህ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ስለ ዝቋላው መንገድ ሰላም ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ወፍራም ጋቢ ያዙ። እነዚያ የቢሾፍቱ የእሳት ጉድጓዶች መውጫ ወንዝ የላቸውም፣ የወደቀባቸው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ የውሃ ጠርሙሳችሁንና ፌስታላችሁን ይዛችሁ ወደ ሳሪስ ተመለሱ።