መጠንን አይቶ ስለ መሣል



በወላይታ አገር፥ ከሶዶ በስተ ምዕራብ ወደምትገኘው ወደ ቤሌ የሄደ ሰው፥ በእንሰት ተከቦ የቆመውን የሣር ቤት በወረቀት ላይ ለማስቀረት ቢሞክር፥ በሩን ከልኩ አስፍቶ ጣራውን ከልኩ አሳንሶ ሊሥለው ይችላል። ይህም የሚሆነው እጁ ስለ ሰነፈ አይደለም። በሩ ሰው የሚገባበት ስለ ሆነ በአሳቡ ትልቅ ሥፍራ ይይዛል፤ አሳቡም ዐይኑን ይቀድመዋል። ዛሬ የምንነጋገረው በእነዚህ በሁለቱ፥ ማለት በአሳብና በዐይን መካከል፥ የአገራችን ሠዓሊዎች ስለ ሄዱበት መንገድ ነው።

የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን መጠን አያውቁም ነበር የሚል ሰው ይሳሳታል። እነርሱ የሚለኩት በክብር ነበር። ቅዱሱ ገዝፎ አገልጋዩ አንሶ ይሣላል፤ ጻድቅ ሁለት ዐይኑ እየታየ ፊት ለፊት፥ ክፉ ግን በአንድ ዐይን ከጎን ይታያል። ይህ ልማድ ወደ ዓድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ተሻግሮ ጠላት በብዙዎቹ ላይ ከጎን ተሥሏል። ከውጭ አገር የመጣ አብነት ባገኙ ጊዜም እንዲሁ አደረጉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1591 ዓመተ ምሕረት በሮማ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል የአንቶኒዮ ቴምፔስታን ሥዕሎች ይዞ ነበር፤ በጎንደር ዘመን ሠዓሊዎቻችን እነዚህን ሲቀዱ የሰዎቹን አቋቋም ወሰዱ፤ ጥላውንና ርቀቱን ግን ትተው በራሳቸው ደማቅ ቀለምና በራሳቸው ልክ ሠሩት።

ከተፈጥሮ አይቶ መሣል በትምህርት መልክ የተስፋፋው ዘግይቶ ነው። አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ የሥዕል ትምህርት ተምረው ተመለሱ። ከእርሳቸውም በኋላ በቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። አለ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ይሥሉ ስለ ነበር፥ አዲሱን መማር አሮጌውን መናቅ እንዳልሆነ በሥራቸው አሳይተዋል።

የአለካኩ ዘዴ ቀላል ነው። ሠዓሊው ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ፥ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፥ እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። የእርሳሱን ጫፍ ከቤቱ ጉልላት ጋር አግጥሞ፥ ቤቱ መሬት የሚነካበትን በአውራ ጣቱ ያመለክታል። ከዚያም እርሳሱን አጋድሞ ቁመቱን ከስፋቱ ጋር ያመሳክራል። ክንዱ ከታጠፈ ልኩ ይበላሻል። ሰውንም ቢሥል እንዲሁ ነው፤ የቆመ ጎልማሳ ቁመት የጭንቅላቱን ርዝመት ሰባት ተኩል ጊዜ ያህል ሲሆን፥ ዓመት የሞላው ሕፃን ግን አራት ጊዜ ያህል ነው። ዐይንም የሚገኘው በጭንቅላት ቁመት እኩሌታ ላይ ነው፤ ጀማሪ ግን ግንባርን አሳጥሮ ዐይንን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። እንግዲህ ትክክለኛ ሥዕል የሚገኘው፥ የማውቀው ይበቃኛል ከማለት ሳይሆን፥ እያመሳከሩ ራስን ከማረም ነው።

ይህ ነገር እርሳስ ለማይዝ ሰው ምን ይጠቅመዋል ይባል ይሆናል። ነገር ግን ወደ ሥፍራው ሄዶ የተሠራውን መንገድና የታረሰውን ማሳ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ የሚያቀርብ ሠራተኛ እርሱም በበኩሉ ሠዓሊ ነው። አለቃውን ደስ ለማሰኘት ጥቂቱን አብዝቶ ቢጽፍ፥ በክብር የሚለካውን ልክ ያለ ቦታው አገባው ማለት ነው። በመቅደስ ግድግዳ ላይ ቅዱሱን አግዝፎ መሣል እምነት ነው፤ በመዝገብ ላይ ደካማውን ድልድይ አጠንክሮ መጻፍ ግን ሐሰት ነው፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ጸሐፊው ሳይሆን ጭነቱን ይዞ የሚሻገረው ገበሬ ነው።

ስለዚህ ብዕር ከማንሣታችን በፊት በየትኛው ልክ እንደምንለካ እንወቅ።