ቦታው ተይዟል

«የቆቦ ሰው ስለ መርከብ ምን አገባው?» ብትሉኝ አልፈርድባችሁም። ቆቦ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ምሥራቋን በዞብል ተራራ ተጋርዳ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዞብል ወዲያ አፋር ነው፤ ባሕሩ ከአፋርም ወዲያ ነው። እኛ ትልቅ ውኃ ብለን የምናውቀው ክረምት ሲገባ ከደጋው ተንደርድረው የሚወርዱትን ሆርማትንና ጎሊናን ነው። እነሱም መርከብ መሸከሙ ቀርቶባቸው ለማሽላችን በልኩ በመጡልን።

ይሁንና ስለ ረዥም የመርከብ ሽርሽር ካነበብኩ፣ የሄዱበትንም ሰዎች ካነጋገርኩ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። መርከቡ ተንሳፋፊ ከተማ ነው። ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ መንገደኛ ይጭናል። ዓለምን የሚዞረው ደግሞ መቶ ቀንና ከዚያም በላይ ይቆያል። ትኬት የቆረጠ ሁሉ በዋናው የምግብ አዳራሽ ጠዋት ማታ ይበላል፤ ሒሳቡ ትኬቱ ውስጥ ነው። ከዚህ ሌላ ትንንሽ ልዩ ምግብ ቤቶች አሉ፤ አንዱ የሥጋ ጥብስ፣ አንዱ የጣሊያን፣ አንዱ የጃፓን። እዚያ ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ይከፈላል፤ ወንበራቸውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰዉ መርከቡን በዓይኑ ሳያይ፣ ገና ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ከወራት በፊት «በሠላሳ ሁለተኛው ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ለሁለት ሰው» እያለ ቦታ ያስይዛል። ማስያዣው ደግሞ ለሁሉም እኩል ቀን አይከፈትም። በብዙዎቹ ኩባንያዎች ውድ ክፍል ለያዘና ደጋግሞ ለተሳፈረ ቀድሞ ይከፈታል። ሌላው ተራው ሲደርስ መልካሙ ሰዓት አልቋል።

ይኼን ነገር ለአንድ የአገሬ ሽማግሌ ባጫውታቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ምግብ ሞልቶ ነው እንዴ የሚጋፉት?» አሉኝ። ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። ሰዎቹን የሚያጋፋቸው ቦታው ነው። ምግብና ቦታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ደግሞ ከቆቦ ሰው በላይ ሊያውቅ የሚገባው ያለ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ባሕሩ ትንሽ ልበል። በጥንቱ የመርከብ ሥርዓት የምትበላበትን ቦታ የሚወስነው የቆረጥከው ትኬት ነበር። አንደኛ ማዕረግ የራሱ አዳራሽ፣ ሁለተኛው የራሱ፣ ሦስተኛውም የራሱ ነበረው። ሰው ሲበዛ በሁለት ዙር ይበላል፤ አንዱ ዙር በልቶ ሲነሣ ሌላው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1905 «አሜሪካ» የተባለችው የጀርመን መርከብ አዲስ ነገር አመጣች። ከአዳራሹ ሌላ፣ መንገደኛው እንደ ከተማ ሆቴል የፈለገውን አዝዞ ለብቻው የሚከፍልበት ሬስቶራንት፣ በታዋቂው የሆቴል ሰው በሴዛር ሪትዝ ስም ተከፈተባት። እ.ኤ.አ. በ1912 የሰመጠችው ታይታኒክም እንዲህ ያለ ሬስቶራንት ነበራት፤ የሚገቡበትም የአንደኛ ማዕረግ መንገደኞች ነበሩ። እዚያ ይሠሩ ከነበሩት፣ አብዛኞቹ ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች ከሆኑት፣ ከስድሳ የሚበልጡ ሰዎች የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው። ማዕዱን ላቀረቡት በጀልባው ላይ ቦታ አልተያዘላቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1922 «ላኮኒያ» የተባለችው መርከብ ሽርሽረኞችን ይዛ ዓለምን ለመዞር ከኒው ዮርክ ተነሣች። ዛሬ መቶ ቀን የሚፈጀው ጉዞ የዚያ ተከታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን የሚባለው ኩባንያ የተወሰነ ሰዓትና የተወሰነ ጠረጴዛ የሚለውን ደንብ ትቶ፣ «በፈለግህበት ሰዓት፣ በፈለግህበት ቤት ብላ» የሚል አሠራር ጀመረ። ሌሎቹም በየፊናቸው ተከተሉ። ነፃነት ነው፤ ማን ይጠላል? ነገር ግን ሁሉም የሚፈልገው ሰዓትና ቤት አንድ ሆነና፣ ከነፃነቱ ጋር ወረፋው አብሮ ተሳፈረ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በእኛ አገር ቀድሞ የተያዘ ወንበር ታሪክ ከመርከቡ ታሪክ ይረዝማል። በመካከለኛው ዘመን የተጻፈ «ሥርዓተ ግብር» የሚባል ሰነድ አለ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ ርዕሱን ሲሰሙ ስለ ቀረጥ የሚያወራ ይመስላቸው ነበር። ነገሩ ግን የንጉሥ ድግስ ነው፤ በቤተ መንግሥቱ ማዕድ ለማን ምን እንደሚሰጥ፣ የማንስ ሥራ ምን እንደሆነ የሚደነግግ ነው። ድግሱ ሳይደገስ ድርሻው ባለቤት አለው ማለት ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባው አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው ግብር ይገባ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከፍ ካለው መደብ ላይ ሆነው፣ በመጋረጃ ተከልለው፣ ቀድመው ይመገባሉ። ታላላቆቹ መኳንንት በቅርባቸው ይቀመጣሉ። ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ተከታዩ ማዕረግ ይገባል፤ ያም ሲነሣ ሌላው፤ በመጨረሻ ተራው ወታደር ይጎርፋል። በሩን የሚይዙት አጋፋሪዎች ናቸው። እልፍኝ አስከልካዩ ደግሞ ማን እንደሚቀርብ፣ ማን እንደሚርቅ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። እንደ ዛሬው መርከብ የሚደወልበት ስልክ የለም፤ ግን እያንዳንዱ ሰው የሚቀመጥበትን ያውቃል። ወንበሩን የሚያስይዝለት ሹመቱ ነው፤ ሹመቱ ሲነሣ ወንበሩም ይነሣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁልጊዜ ስለ ጉቦ እንጠቅሰዋለን። እኔ ግን ቃል በቃል ስለ ማዕድም የተነገረ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንባቢዬ «ግብር» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። ገበሬው ለጌታው የሚሰጠው ግብር ነው። ጌታው ለተከታዩ የሚያበላውም ግብር ነው። አንዱ ገበረ፣ ሌላው ግብር አበላ፣ ሦስተኛው ግብር በላ። ቃሉ አንድ መሆኑ አይገርምም፤ እህሉም አንድ ነውና። ጤፉ፣ ማሩና በሬው ከገበሬው ቤት ወጥቶ፣ በጌታው ጎተራ በኩል ዞሮ አዳራሽ ሲደርስ፣ ያመረተው ሰው በመጨረሻው ዙር እንኳ ላይኖርበት ይችላል። አዳራሹን የሞላው ግን እሱ ነው።

በገንዘብ የሚያዘው ወንበር ወደ እኛ የመጣው ዘግይቶ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ለመኳንንቱ እንደ ነውር ይታይ ስለ ነበር፣ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው በልተው፣ ከፍለው አለማመዷቸው ይባላል። የጀርመኗ መርከብ ሬስቶራንቷን በከፈተች በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ መሆኑ ነው። ግብር ላይ ማዕረግህ፣ ሆቴል ላይ ኪስህ ሆነ።

እኛን ቆቦዎችን ከሆቴል ጋር ያስተዋወቀን መንገዱ ነው። ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ዘመን የሠራው የአዲስ አበባና የአስመራ መንገድ በደሴ፣ በወልድያ አድርጎ በከተማችን ያልፋል። መንገዱ አውቶቡስ አመጣ፤ አውቶቡሱ ምሳ ቤት አመጣ። በዚያ መንገድ የሄደ ሁሉ ሥርዓቱን ያውቀዋል። ሹፌሩ መኪናውን እሱ ከወደደው ምሳ ቤት ደጃፍ ያቆማል። ረዳቱ «ሃያ ደቂቃ!» ብሎ ይጮኻል። ስልሳ መንገደኛ በአንድ በር ይጋፋል። ሹፌሩና ረዳቱ ግን አይጋፉም፤ ጓዳ ውስጥ ጠረጴዛቸው ተዘጋጅቶ፣ ጥብሳቸው እየተንጫጫ ይጠብቃቸዋል። ሒሳብም አይጠየቁም፤ እኛን ይዘው መምጣታቸው ሒሳባቸው ነው። ተማሪ ሳለሁ ከቆቦ አዲስ አበባ ስመላለስ፣ የከፈልኩበት ምግብ ሳይደርስልኝ ጥሩንባው ተነፍቶ ሮጬ የወጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ታዲያ የሚገርመኝ፣ ከመንገደኛው ውስጥ አንድም ሰው በጓዳው ጠረጴዛ አለመናደዱ ነው። የመኪናው ባለ ሹመት ሹፌሩ ነዋ! ግብሩን የለመደ ሕዝብ የጓዳውን ጠረጴዛ በቀላሉ ይረዳዋል።

እስካሁን ያወራሁት ይብዛም ይነስ ስለሚበላ ሰው ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ግን ሌላም ነገር ታይቷል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ረሃብ መታ፤ ራያና ቆቦ ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዱ ነበር። ሰዉ ከየመንደሩ ወጥቶ መንገድ ዳር ተሰለፈ፤ ላላፊ ለአግዳሚው መኪና እጁን ዘረጋ። ምግብ ያለው ሰው የሚያልፈው በዚያ ነበራ።

ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያወራ መጽሐፉ የወሎን ጉዳይ መርምሮታል። በአገር ደረጃ የእህሉ ምርት ያን ያህል አልወደቀም ነበር። ደሴ ገበያ ላይም ዋጋው ሰው እንደሚያስበው አልናረም። ይባስ ብሎ ከወሎ እህል እየተጫነ በዚያው መንገድ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። የወሎ ገበሬ አዝመራው ሲደርቅ፣ ከብቱ ሲያልቅ የሚሸጠው አጣ፤ የሚሸጥ የሌለው ደግሞ የሚገዛበት የለውም። ጎረቤታችን አፋርም በበጋ ከብቱን ያሰማራበት የነበረው የአዋሽ ዳርቻ ለጥጥ እርሻ ተወስዶበት ነበር። የሴን ነገር ባጭሩ ይኼ ነው፤ ሰው የሚራበው እህል ስለ ጠፋ ብቻ ሳይሆን፣ ባለው እህል ላይ መብት ሲያጣም ነው። በእኛ አነጋገር፣ እህሉ ነበረ፤ ቦታው ግን ተይዞ ነበር።

ሐምሌ 1964 የንጉሠ ነገሥቱ 80ኛ ዓመት ልደት ተከብሮ ነበር። ጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ፊልም ለዓለም ታየ። ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አዳራሹና መንገድ ዳሩ በአንድ መስኮት ታዩ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1977፣ ያው ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ በታላቅ ወጪ አከበረ። በወሩ፣ ጥቅምት ላይ፣ ከአላማጣ በላይ ካለችው ከኮረም የተቀረፀው የቢቢሲ ምስል ዓለምን አስለቀሰ። በዚያው ዓመት መቀሌ ትሠራ የነበረችው የቀይ መስቀል ነርስ ክሌር በርሺንገር፣ የምግብ ጣቢያው ሁሉንም ስለማይችል፣ ከፊቷ ከተሰለፉት ሕፃናት ጥቂቱን ብቻ መርጣ ታስገባ ነበር። የዚያ ምርጫ ሕመም ለብዙ ዓመታት እንዳልለቀቃት ራሷ ተናግራለች። አጋፋሪነት ሁልጊዜ ሹመት አይደለም።

ለመሆኑ ቦታ መያዝ በራሱ ክፉ ነው? አይመስለኝም። በአገራችን የመሸበት መንገደኛ ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ወገኑና ሃይማኖቱ ከመጠየቁ በፊት ግባ ይባል ነበር። ያ ቦታ ለማይታወቅ ሰው ተይዞ የቆየ ነው። ወሎ ላይ ደግሞ ክርስቲያኑ ድግስ ሲኖረው ለሙስሊም ጎረቤቱ ለብቻ ያሳርዳል፤ አራጁም ሙስሊም፣ ድስቱም የብቻ ነው። ሙስሊሙም ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። ይኼም ቀድሞ ቦታ ማስያዝ ነው፤ ነገር ግን ሰው እንዳይገባ ሳይሆን ሰው እንዳይቀር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ሁሉ ታሪክ ፍሬ ነገር ይመስለኛል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን ሴፍቲኔት እኔ የማየው ከሁለተኛው ወገን አድርጌ ነው። ከዚያ በፊት እርዳታ የሚመጣው በአብዛኛው ሰው ከተራበ፣ ልመናችንም ውጭ አገር ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ነበር። ሴፍቲኔት ግን በየዓመቱ ምግብ የሚያጥረውን ቤተሰብ አስቀድሞ ለመመዝገብ የተወጠነ ነው። መሥራት የሚችለው በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን እርከን ሲሠራ፣ መንገድ ሲጠርግ ውሎ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል። አቅመ ደካማው ያለ ሥራ ይሰጠዋል። ሲጀመር ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ታቅፎበታል፤ ሰሜን ወሎም ነበረበት። ለደሃ ገና ሳይራብ ማዕድ ላይ ቦታ መያዝ በታሪካችን ብዙ ያልተለመደ ነገር ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል።

ግን እዚህም መዝገብ አለ፤ መዝገብ ባለበት ደግሞ አጋፋሪ አለ። የማን ስም ይጻፍ፣ የማን ይሰረዝ፣ ማን «ራሱን ችሏል» ተብሎ ይውጣ የሚለውን የሚወስኑ ሰዎች አሉ። በመርከቡ ላይ ልዩ ሬስቶራንት ቦታ ያጣው መንገደኛ ቢከፋው ወደ ዋናው አዳራሽ ወርዶ እራቱን ይበላል። ከመዝገቡ የቀረው የራያ ገበሬ ግን የሚወርድበት አዳራሽ የለውም።

ስለዚህ በመርከቡ ልዩ ሬስቶራንት አልቀናም፤ ቦታውን ከወራት በፊት ያስያዘ ሁሉ ይብላ፣ ይመቸው። እኔ የምቀናው በዋናው አዳራሽ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ወንበር አገር በሹመትም ሆነ በገንዘብ ቢያከፋፍል እንከራከርበታለን። ዋናው አዳራሽ ግን ለተሳፈረ ሁሉ ክፍት መሆኑ አከራካሪ ሊሆን አይገባም። በ1966 ዓ.ም. ቆቦ ላይ መንገድ ዳር ቆመው መኪና ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ልዩ ጠረጴዛ የጠየቀ አልነበረም።