የስልክ ማውጫ እንደ ታሪክ ማስረጃ

አዲሱ ሲደርስ አሮጌው ያለ ሐሳብ ከሚጣልባቸው መጻሕፍት አንዱ የስልክ ማውጫ ነበር። ዛሬ ብዙ አገሮች ማተሙን በማቆማቸው፣ ገጹን እየገለጡ ያደጉ ሰዎች በናፍቆት ሲያነሡት ይሰማል። ይህ ናፍቆት ለታሪክ መምህር የሚጠቁመው ቁም ነገር አለ።

የመጀመሪያው ማውጫ የወጣው በአሜሪካ፣ በኒው ሄቨን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1878 ነው። አንድ ገጽ ብቻ ሲሆን ሃምሳ ያህል ደንበኞችን ይዟል፤ ሐኪሞች፣ ሱቆችና ፋብሪካዎች፣ ፖሊስና ፖስታ ቤት፣ የሥጋና የዓሣ መሸጫዎች በየፈርጃቸው ሰፍረውበታል። ቁጥር ግን አልነበረውም። ደዋዩ ስም ይጠራል፤ የማዞሪያው ሠራተኛ ያገናኛል። ቁጥርን ያመጣው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ገደማ በማሳቹሴትስ፣ በሎዌል ከተማ ኩፍኝ በገባ ጊዜ፣ ሞዜስ ግሪሊ ፓርከር የተባሉ ሐኪም አራቱ የማዞሪያ ሠራተኞች ቢታመሙ ከሁለት መቶ የሚበልጡትን ደንበኞች መስመር የሚያውቅ ይጠፋል ብለው ሠጉ፤ ለየደንበኛውም ቁጥር እንዲሰጥ አሳሰቡ። የስልኩ ኃላፊዎች ሕዝቡ በቁጥር መጠራትን እንደ ውርደት እንዳይቆጥረው ፈርተው ነበር። ቁጥሩ ከጸና በኋላ ግን ስምን ከቁጥር የሚያገናኝ መጽሐፍ የግድ ሆነ።

የአደራደሩም ሥርዓት የኅብረተሰቡን ልማድ ያሳያል። በቤተሰብ ስም በሚጠሩት አገሮች ሚስት ብዙ ጊዜ በባሏ ስም ተሸፍና ትቀር ነበር። አይስላንዳውያን ግን በአብዛኛው የቤተሰብ ስም ስለሌላቸው ማውጫቸው የሚደረደረው በራስ ስም ነበር፤ ሞክሼዎችን ለመለየት የየሰዉ ሥራ ይጨመርበታል። የኛም አሰያየም ከዚሁ ይቀራረባልና፣ የአዲስ አበባን ማውጫ የገለጠ ሰው የሚፈልገውን በራሱ፣ ቀጥሎም በአባቱ ስም ያገኘው ነበር። ተስፋዬ የሚባሉትን ሁሉ በጣቱ እየተከተለ የወረደ ሰው ድካሙን አይረሳውም።

የማውጫው ትልቁ ዋጋ የሚታየው ግን አገልግሎቱ ካበቃ በኋላ ነው። በ1938/39 እ.ኤ.አ. የታተመው የዋርሶ ማውጫ ለዚህ ምስክር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተማዪቱ በአብዛኛው ፈረሰች፤ ከአይሁድ ነዋሪዎቿም አብዛኞቹ ተገደሉ። ዘሮቻቸው የቤተሰባቸውን ዱካ ሲፈልጉ ያንን መጽሐፍ ይገልጣሉ፤ የሰውየው ስምና ይኖርበት የነበረው ጎዳና ባንድ መስመር ላይ ይገኛሉ። እርግጥ ነው፣ ስልክ ያስገባ የነበረው ገንዘብ ያለው ነውና ድኃው በዚህ ምንጭ ውስጥ የለም፤ ተመራማሪው ይህን ጉድለት ይዞ ማንበብ አለበት።

አይስላንድ የመጨረሻውን ማውጫ ያተመችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በኮምፒዩተር የሚያዘው መዝገብ ለመፈለግ እጅግ ይፈጥናል፤ ይሁን እንጂ ሲታረም የትናንቱ በዛሬው ይተካል፣ ሆን ተብሎ ካልተቀመጠም ይጠፋል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አሮጌ ማውጫ ያገኘ ሰው ከመጣሉ በፊት በሽፋኑ ላይ ያለውን ዓመት ተመልክቶ ለቤተ መጻሕፍት ቢያስረክብ መልካም ነው። ሁለት የተለያዩ ዓመታት ቅጂ ያገኘ መምህርም ተማሪዎቹን የአንድ ሠፈር ሱቆችን እንዲያነጻጽሩ ሊያዛቸው ይችላል።