ለቆየ ላፕቶፕ ፓወር ባንክ ከመግዛታችን በፊት ምን እንወቅ?

ወለጋ ለአገር መብራት ከሚያመነጩ አካባቢዎች አንዱ ነው። በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የሚገኘው የፊንጫ የውሃ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ይሁንና በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ መብራት መጥቶ መሄዱ የለመድነው ነገር ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ፈተና የሚያወጣ መምህር፣ የመስጂድ ሒሳብ የሚይዝ የኮሚቴ ጸሐፊ፣ ሁሉም በዚህ ይቸገራል። ብዙዎቻችን የያዝነው ላፕቶፕ ደግሞ ያገለገለ ዴል፣ ኤችፒ ወይም ሌኖቮ ነው። ባትሪው ስለደከመ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፤ ሴቭ ያልተደረገ ሥራም አብሮ ይሄዳል።

መፍትሔ ብለን የምናስበው ፓወር ባንክ ነው። ሣጥኑ ላይ 20,000 ወይም 50,000 የሚል ቁጥር አይተን እንገዛና ቤት ስንደርስ ላፕቶፑን ጨርሶ አያስነሳም። ይህ ቁጥር የሚነግረን ፓወር ባንኩ ምን ያህል እንደሚይዝ ብቻ ነው። የእኛን ላፕቶፕ መሸከም መቻሉን የሚነግሩን ሌሎች ቁጥሮች ናቸው። ገንዘባችን ከንቱ እንዳይቀር አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያ የራሱን ባትሪ እንፈትሽ

ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣበት መንገድ አለው። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥሮችን እናወዳድር፤ አንዱ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረው፣ ሌላው አሁን ሲሞላ የሚይዘው ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከግማሽ በታች ከወረደ ባትሪ መቀየሩን እናስብበት። እንደ ዴል ላቲቲዩድ ኢ6430 እና ቲንክፓድ ቲ430 ያሉ የቆዩ ላፕቶፖች ባትሪያቸው ከሥር ተገፍቶ የሚወጣ ነው። ለእነዚህ ሁለተኛ ባትሪ ገዝቶ፣ ሞልቶ ማስቀመጥ ከፓወር ባንክ የቀለለና የማያስቸግር መፍትሔ ሊሆን ይችላል።

ፓወር ባንክ ብንገዛም ባትሪው ቢያንስ አሥር ደቂቃ ቢያቆይ ይመረጣል። ጭራሽ የሞተ ከሆነ መብራት በሄደበት ቅጽበት ላፕቶፑ ይጠፋል፤ ገመድ ለመቀየር ጊዜ አይሰጠንም።

ቮልትና ዋት ይቅደሙ

የላፕቶፑን ቻርጀር ገልብጠን እንመልከት። ‘አውትፑት’ በሚለው መስመር ላይ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር የሚል ዓይነት ጽሑፍ እናገኛለን። ሁለቱን ስናባዛ 65 ዋት ይሆናል። 4.62 አምፔር ከሆነ ደግሞ 90 ዋት ነው። የቆዩ ላፕቶፖች አብዛኛውን ጊዜ ከ18.5 እስከ 20 ቮልት ይፈልጋሉ።

ተራ የስልክ ፓወር ባንክ ግን 5 ቮልት ነው የሚሰጠው። ገበያ ላይ በብዛት የምናየው ‘22.5 ዋት ፈጣን’ የሚለውም ለስልክ የተሠራ ነው። ስለዚህ 50,000 ቢልም ላፕቶፕ አያስነሳም።

ለቆየ ላፕቶፕ የሚሆኑ ሦስት ዓይነቶች

የመጀመሪያው በታይፕ ሲ 20 ቮልት የሚያወጣው ነው። ‘ፒዲ 65 ዋት’ ወይም ከዚያ በላይ ተብሎ ይጻፍበታል፤ በዝርዝሩም 20 ቮልት 3.25 አምፔር የሚል መኖር አለበት። ላፕቶፑ በታይፕ ሲ የማይሞላ ከሆነ፣ አንዱ ጫፉ ታይፕ ሲ፣ ሌላው የላፕቶፑን ቀዳዳ የሚገጥም፣ 20 ቮልት እንዲለቀቅ የሚጠይቅ ቺፕ ያለው ገመድ ያስፈልጋል። ቻርጀሩ 19 ወይም 19.5 ቮልት ለሚል ላፕቶፕ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማል፤ 18.5 ለሚል ግን ቀድመን ባለሙያ እንጠይቅ።

ሁለተኛው 19 ቮልት አካባቢ የሚያወጣ ክብ ቀዳዳና የተለያዩ ጫፎች ያሉት ነው። ቮልቱ በማብሪያ የሚመረጥ ከሆነ ገመዱን ከመሰካታችን በፊት በትክክለኛው ላይ መሆኑን እናረጋግጥ። ከሚገባው በላይ ቮልት ላፕቶፑን ሊያቃጥል ይችላል።

ሦስተኛው እንደ ግድግዳ ሶኬት 220 ቮልት የሚያወጣው ነው። የራሳችንን ቻርጀር ስለምንሰካበት የመግጠም ችግር የለበትም፤ ለቆየ ላፕቶፕ የሚያስተማምነውም ይኸው ነው። ከበድ ይላል፤ ኃይሉን ሁለት ጊዜ ስለሚቀይርም ብዙ ያባክናል። ለ65 ዋት ቻርጀር ቢያንስ 80፣ ለ90 ዋት ደግሞ ከ100 ዋት በላይ የሚያወጣ እንምረጥ።

ስለ ጫፍ አንድ ነገር እናስታውስ። የቆየ ዴል ጫፉ መሐል ላይ ቀጭን መርፌ አለው፤ ላፕቶፑ ቻርጀሩን የሚለየው በዚያ ነው። ካላወቀው ይሠራል፣ ግን ባትሪውን አይሞላም፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። ይህን ስናይ ፓወር ባንኩ ተበላሽቷል ብለን አንቸኩል፤ ችግሩ ከገመዱ ሊሆን ይችላል።

ስንት ሰዓት ያሠራናል?

ስሌቱ ቀላል ነው። በሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈውን ቁጥር በ3.7 አባዝተን ለ1,000 እናካፍል። 20,000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። በመቀያየር የሚባክነውን ስናወጣ 60 ገደማ ይተርፋል፤ በ220 ቮልት ሶኬት ከሆነ ደግሞ 50 አካባቢ። ጽሑፍ ብቻ ስንሠራ የቆየ ላፕቶፕ 20 ዋት ገደማ ቢበላ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት እንሠራለን ማለት ነው። የስክሪኑን ብርሃን መቀነስና አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መተካት ጊዜውን ያረዝማል።

መብራት ሲመጣ ቶሎ የሚሞላ

ይህ በእኛ ከተሞች ከሁሉ የሚዘነጋው ነገር ነው። መብራት በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ከመጣ በዝግታ የሚሞላ ፓወር ባንክ መቼም አይሞላልንም። ‘ኢንፑት’ የሚለውን እንይ። 74 ዋት ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክ በ10 ዋት ሲሞላ ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ በ45 ዋት ግን በሁለት ሰዓት ገደማ ይሞላል። ከነሞዪው ቻርጀር ዋጋውን እንጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው የሚሸጠው።

ጀርባው ላይ ትንሽ የሶላር ሰሌዳ ያለውን ለሶላሩ ብለን አንግዛ። መዳፍ የምታክል ሰሌዳ የምትሰጠው አንድ ወይም ሁለት ዋት ነው። በወለጋ ክረምት ይቅርና በበጋም ለመሙላት ብዙ ቀን ትፈልጋለች።

በሚዛን እንፈትሽ፣ በውል እንግዛ

ሐሰተኛ ቁጥር ከክብደት አያመልጥም። በውስጡ ያሉት የሊቲየም ባትሪዎች ብቻቸውን ለ20,000 ወደ 300 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ሳጥኑ ላይ 20,000 ተጽፎ 200 ግራም ከመዘነ ቁጥሩ እውነት አይደለም። በማንኛውም ሱቅ ሚዛን ማረጋገጥ ይቻላል።

ከመርካቶም እናስመጣ ከነቀምቴ ሱቅ እንግዛ፣ ላፕቶፑንና ቻርጀሩን ይዘን ሄደን ከመክፈላችን በፊት ግማሽ ሰዓት እናሠራው። ሸሪዓችን ገዢና ሻጭ ተስማምተው የተወሰነ ቀን የመመለስ ምርጫ (ኺያሩ-ሸርጥ) እንዲያስቀምጡ ይፈቅዳል። የሦስት ቀን ኺያር ብንጠይቅ ነውር የለውም። ሻጭም የሚያውቀውን ጉድለት ሊደብቅ አይገባውም።

ጥንቃቄ

ያበጠ ወይም ከልክ በላይ የሚግል ፓወር ባንክ ወዲያው እናቁም። ፍራሽ ላይ ወይም ትራስ ሥር አድርገን አንሙላ። ለሐጅ፣ ለዑምራ ወይም ለሌላ ጉዳይ በአውሮፕላን የምንጓዝ ከሆነ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይገባም። እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 27,000 ገደማ የሚለው ይፈቀዳል። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው አይፈቀድም።

ወደ ሱቅ ስንሄድ እንግዲህ አራት ነገር በወረቀት ይዘን እንሂድ፦ የቻርጀራችንን ቮልት፣ ዋቱን፣ የጫፉን ዓይነት፣ መብራት በአካባቢያችን በቀን ስንት ሰዓት እንደሚቆይ። የሣጥኑን ትልቅ ቁጥር የምናየው ከእነዚህ በኋላ ነው። ፓወር ባንኩ እስኪገዛ ድረስ ደግሞ ሥራችንን በየአሥር ደቂቃው ሴቭ ማድረግና በፍላሽ አንድ ቅጂ ማስቀመጥ አንርሳ።