የዲሬክተር ሥልጣን ከወዴት ይመጣል?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ማለዳ በትምህርት ቤትህ ደጃፍ ቆሞ አርፋጆችን የሚቈጥረውን ሰው አንተ ርእሰ መምህር ትለዋለህ፤ እኛ ግን ዲሬክተር እንለው ነበር። ልዩነቱ የስም ብቻ አይመስለኝም። አንዱ ከመምህራን መካከል የወጣ አለቃ ሲል፣ ሌላው የሚያዝ ሹም ይላል። በናዝሬት፣ ማለትም በዛሬይቱ አዳማ፣ በሞጆና በመቂ ሳስተምር በሁለቱም ዓይነት ሰዎች ሥር አልፌአለሁ።

የዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ቀደምት አለቆች በዕውቀታቸው የተመረጡ ነበሩ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በሕፃንነታቸው ከመቅደላ በእንግሊዞች ተወስደው፣ በህንድ አገር አድገው ሕክምና የተማሩ ናቸው፤ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ያንኑ ቤት የካናዳ ኢየሱሳውያን ተረከቡት። አለቃቸው አባ ሉሲየን ማት ቈይተው በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አቋቋሙ።

እኔ ባደግሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ዲሬክተሩ ራሱ ሒሳብ ያስተምር ነበር። እጁ ዘወትር ጠመኔ የነካው ስለ ነበረ፣ ሰነፉን አስተማሪ ሲገሥጽ ማንም አላጕረመረመም። ተማሪውንም የሚያውቀው በደብተሩ እንጂ በመዝገብ አልነበረም። ቍጣው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሚያስፈልገው በላይ ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ የግል ትምህርት ቤቶች ተወረሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው አዋጅ ቍጥር 103ም ሕዝቡ ትምህርት ቤቶችን በኮሚቴ እንዲያስተዳድር ተደነገገ። ኮሚቴው በጎ ነገር አልነበረውም አልልም። ልጁን ካስመዘገበ ወዲያ በሩን ረግጦ የማያውቅ አባት፣ ስለ ክፍል ጥበት ይጠይቅ ጀመር። ነገር ግን እኔ ባስተማርሁበት ቦታ ዲሬክተሩ ቃለ ጕባኤ ጸሐፊ ወደ መሆን ተቃርቦ ነበር። ሳምንት ሙሉ ያላስተማረ መምህር ቢኖር እንኳ ስብሰባ እስኪጠራ ይጠበቃል፤ እስከዚያው የተማሪው ሳምንት ይባክናል።

ይህ በእኛ ብቻ አልደረሰም። በቻይና እ.ኤ.አ. በ1966 የተነሣው የባህል አብዮት ዲሬክተሮችን ከወንበራቸው አውርዶ ትምህርት ቤቱን ለአብዮታዊ ኮሚቴ ሰጠ፤ በገዛ ተማሪዎቻቸው ተደብድበው የሞቱም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 የኮሚኒስቱ ፓርቲ ኃላፊነቱ ደረጃ በደረጃ ለዲሬክተሩ እንዲመለስ ወሰነ፤ በ2022 ደግሞ ዲሬክተሩ በፓርቲው ድርጅት አመራር ሥር እንዲሠራ ተደረገ። እንግዲህ ስድሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሥልጣኑ ሲወሰድ፣ ሲመለስ፣ እንደ ገና ሲገደብ ታየ። ከበላይ የተሰጠን ሥልጣን ከበላይ መውሰድ ቀላል ነው፤ ያ ዲሬክተር በሒሳብ ክፍል ያገኘውን መከበር ግን የሚሽር አዋጅ አላየሁም።

በቅርቡ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ርእሰ መምህር ሆኖ ተሾመና፣ «ጋሼ፣ ከምን ልጀምር?» ሲል ጠየቀኝ። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ ለራስህ አስቀር አልሁት። ጥቂት አሰበና፣ «ከወረዳው ስብሰባ ጋራ ይጋጭብኛል» አለኝ።