ሕሙማንን ስላገለገለችው ስለ ፍሎረንስ ናይቲንጌል

ምእመናን ሆይ፤ በሌሊት መብራት ይዛ በቁስለኞች መካከል ትመላለስ ስለ ነበረችው እንግሊዛዊት አስታማሚ ያልሰማ ከመካከላችሁ ጥቂት ነው። ሰው የሚያወሳው ግን ሁለት ዓመት የማይሞላውን የጦርነት ጊዜዋን ብቻ ነው። እኛ ዛሬ ከዚያ በኋላ ስለ ተከተለው ረጅም ድካሟ ጭምር ልንነግራችሁ ወደድን። ዓመታቱን የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1820 ዓ.ም. ከባለጠጋ ወላጆች በኢጣልያ፣ በፍሎረንስ ከተማ ተወለደች፤ ስሟም የከተማይቱ ስም ነው። በ1837፣ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለች፣ እግዚአብሔር ለአገልግሎቱ እንደ ጠራት በግል ጽሑፍዋ ገልጣለች። ነገር ግን በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር የሐኪም ቤት አስታማሚነት የድኾችና የሰካራሞች ሥራ ተብሎ የተናቀ ነበረና እናትዋና እኅትዋ አጥብቀው ተቃወሟት። በጀርመን አገር በካይዘርስቬርት፣ ሕሙማንን በሚረዱ ዲያቆናውያት ቤት ገብታ ሦስት ወር ያህል ለመማር የቻለችው በ1851 ነው፤ ከጥሪው በኋላ 14 ዓመት መቈየትዋ ነው።

እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው ሩስያን በክሪሚያ ሲወጉ፣ የእንግሊዝ ቁስለኞች ከቁስጥንጥንያ ማዶ በስኩታሪ፣ በአንድ ትልቅ የወታደር ሠፈር ተከማችተው ነበር። እርስዋም በኖቬምበር 1854 ዓ.ም. 38 ሴቶች አስከትላ ደረሰች። ከእነዚህ 10ሩ የካቶሊክ መነኮሳይያት ነበሩ፤ በሃይማኖት ምክንያት ክርክር አልጠፋም፤ ቢሆንም በአንድ ቁስለኛ አልጋ አጠገብ አብረው መቆማቸውን እኛ እንደ ትልቅ ነገር እንቈጥረዋለን።

ቤቱ ቅማልና አይጥ የሞላበት፣ የቈሻሻ መውረጃው ቦይ የተደፈነ፣ አየር የማይገባበት ነበር። እርስዋ ወጥ ቤትና የልብስ ማጠቢያ አቋቋመች፤ ሸሚዝ ገዝታ አለበሰች፤ ሌሊት እየዞረች ጐበኘች። ይህ ሁሉ ሲደረግ ሰዎቹ ይሞቱ ነበር። በፌብሩዋሪ 1855 ከታከሙት ከመቶው 42 ያህሉ እንደ ሞቱ ተጽፏል። በማርች ከእንግሊዝ መንግሥት የተላኩ የጤና መርማሪዎች ደርሰው ቦዩን አስጠረጉ፤ አየርም እንዲገባ አደረጉ። በጁን የሟቹ ቍጥር ከመቶው ወደ 2 ወረደ።

በ1856 ሕዝቡ በክብር ሊቀበላት ሲጠብቅ ስሟን ለውጣ በስውር ወደ አገርዋ ገባች። እነዚያ ወታደሮች የሞቱት በረኀብና በድካም ደክመው ዘግይተው ስለ መጡ ነው ብላ ታምን ነበር። ዊልያም ፋር ከሚባል የቍጥር ሊቅ ጋር መዝገቡን ስትመረምር ግን፣ በተስቦና በተቅማጥ፣ ሊከለከል በሚቻል በሽታ የሞቱት በቁስል ከሞቱት እጅግ እንደሚበልጡ፣ የሐኪም ቤቱም ርኵሰት ብዙዎቹን እንደ ገደለ ተረዳች። እንግዲህ አስተውሉ፤ በእጅዋ ያስታመመቻቸው ሰዎች ምን እንደ ገደላቸው ያወቀችው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የተመሰገነበትን ሥራ እንዲህ ባልመረመረ ነበር። እርስዋ ግን ሹማምንት በቀላሉ እንዲረዱት ቍጥሩን በቀለም ሥዕል አድርጋ በ1858 አቀረበች።

ከ1857 ጀምሮ ራስዋ ታመመች፤ ለብዙ ዓመታትም ከክፍልዋ እምብዛም አትወጣም ነበር። በዚያው አልጋ ላይ ሆና መጽሐፍ ጻፈች፤ ሕዝቡ ለክብርዋ ባዋጣው 45,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ በ1860 በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እግርዋ ስላልረገጠው ስለ ሕንድ አገር ጤናም ዓመታት ደከመች። ያ የተናቀው ሥራ እንዲህ ተከበረና፣ በስደታችን ዘመን ልዕልት ፀሐይ በሎንዶን የሕፃናት ሐኪም ቤት አስታማሚነት ተምረው በ1939 ተመረቁ።

በእርጅናዋ ዓይንዋ ታወረ። በ1907 ንጉሥ ኤድዋርድ ከዚያ በፊት ለሴት ያልተሰጠ ከፍ ያለ ኒሻን ሸለሟት። በኦገስት 13 ቀን 1910፣ በ90 ዓመትዋ ዐረፈች። ነገሥታት በተቀበሩበት በዌስትሚንስተር እንድትቀበር ቢፈቀድም፣ ቤተ ዘመዶችዋ ፈቃድዋን ጠብቀው በኢስት ዌሎ መንደር፣ በወላጆችዋ አጠገብ ቀበሯት። በመቃብርዋ ላይ ከስሟ የተጻፉት ሁለት የመጀመሪያ ፊደሎች ብቻ ናቸው።