አማካይ የተባለችው ከተማ

ስለ አሜሪካ ስናወራ አብዛኞቻችን የምናውቃት በአራት በአምስት ከተማ ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ፣ ዳላስ፣ ሲያትል፣ አትላንታ፣ ሎስ አንጀለስ። ዘመዱም፣ ክትፎ ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ያለው እዚያ ነው። ስልሳ ሰባ ሺህ ሕዝብ በሚኖርባት ከተማ ሰው እንዴት ውሎ እንዴት እንደሚያድር የሚነግረን እምብዛም የለም። አሜሪካኖች ግን ይህንኑ ጥያቄ አንስተው አንዲት ትንሽ ከተማን መቶ ዓመት ያህል ሲመረምሩ ኖረዋል። ከተማዋ መንሲ ትባላለች። ኢንዲያና ውስጥ፣ ከኢንዲያናፖሊስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ዋይት ወንዝ ዳር ትገኛለች። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በጥር 1924 ሮበርት ሊንድና ባለቤቱ ሄለን ጓዛቸውን ይዘው መንሲ ገቡ። ሮበርት ለስብከት የሠለጠነ ሰው ነበር። የጥናቱን ወጪ የሸፈነው በሮክፌለር ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ተቋም ሲሆን፣ የፈለገውም በአንዲት ትንሽ የኢንዱስትሪ ከተማ ያለውን ሃይማኖታዊ ሕይወት እንዲያጠኑለት ነበር። ባልና ሚስቱ ግን እምነትን ከእንጀራ፣ ከትዳር፣ ከትምህርት ቤትና ከጨዋታ ነጥሎ ማየት አይሆንም ብለው ሁሉንም አንድ ላይ ያዙት። ገንዘቡን የሰጠው ተቋም ውጤቱን አልወደደውም፤ ሊያሳትመውም አልፈለገም። በ1929 በሌላ አሳታሚ ሲወጣ የከተማዋ ስም ተሰውሮ «ሚድልታውን»፣ መካከለኛዋ ከተማ፣ ተብሎ ነበር። የትኛዋ ከተማ እንደሆነች ለማወቅ ግን ብዙ ጊዜ አልወሰደም።

የመጽሐፉ ጉልበት ማንም ሊጠይቀው የሚያፍረውን ጥቃቅን ነገር መጠየቁ ላይ ነው። በስንት ሰዓት ትነሳላችሁ? ዳቦው ከቤት ነው ከመደብር? ልብስ የሚያጥበው ማን ነው? ሊንዶች ከተማዋን ለሁለት ከፈሏት። ከአሥሩ ሰባቱ በእጁ የሚሠራ ሠራተኛ ነው፤ ሦስቱ ደግሞ ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ ጠበቃውና የባንክ ሰው ነው። በክረምት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በከተማዋ የሚዘዋወር ሰው ይህን ክፍፍል ያለ አስተርጓሚ ያየው ነበር። የሠራተኛው ሚስት ወጥ ቤቷ መብራት አብርታ ቁርስ ታሰናዳለች፤ የነጋዴው ሰፈር ገና ጨለማ ነው፣ ተኝቷል። ብዙዎቹ የሠራተኛ ሚስቶች ከ11 ሰዓት ጀምሮ ይነሱ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ስለ መንሲ ከተጻፈው ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር የለም፤ ሰው በስንት ሰዓት እንደሚነሳና የሚነሳው ለማን ብሎ እንደሆነ ከታወቀ፣ የከተማዋ ታሪክ ግማሹ ተነገረ ማለት ነው።

በማለዳ የሚነሳውን የፋብሪካ ሠራተኛ ወደ መንሲ ያመጣው ጋዝ ነው። በ1876 ከመንሲ በስተሰሜን ባለችው ኢተን የተባለች መንደር የድንጋይ ከሰል ፍለጋ ይቆፈር ነበር። ከጉድጓዱ መጥፎ ሽታ ወጣ፤ ቆፋሪዎቹም ደፍነውት ሄዱ። ከአሥር ዓመት በኋላ ከያው ጉድጓድ የወጣው የተፈጥሮ ጋዝ መሆኑ ታወቀ፤ አካባቢውም በአንድ ጊዜ አበደ። ጋዙ የማያልቅ ስለመሰላቸው ከተሞቹ ለትርኢት ሲሉ ቀንና ሌሊት በቧንቧ አናት ላይ ያነዱት ነበር። ፋብሪካ ለመሳብም ጋዝ በነጻ ይሰጡ ነበር።

በዚህ ከመጡት መካከል አምስቱ የቦል ወንድማማቾች ይገኙበታል። ኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ ውስጥ የነበራቸው የጠርሙስ ፋብሪካ በ1886 ተቃጠለባቸው። መንሲ መሬት፣ ነጻ ጋዝና 5,000 ዶላር ስትሰጣቸው ተነሥተው መጡ፤ በ1888 ማምረት ጀመሩ። የአሜሪካ እናቶች በበጋ ቲማቲሙንና ኮኩን ቀቅለው ለክረምት የሚያሽጉበት፣ በሆዱ ላይ «ቦል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ባለክዳን ጠርሙስ የእነሱ ነው። የማያልቅ የመሰለው ጋዝ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ተሟጠጠ። ብዙ ፋብሪካ ነቅሎ ሄደ፤ ቦሎች ግን ሌላ ነዳጅና ማሽን ይዘው ቀሩ። ማሽኑ ሲመጣ በትንፋሹ ጠርሙስ ይነፋ የነበረው ባለሙያ ዕውቀቱ ከንቱ ሆነበት። ዓመታት የፈጀበት ሙያ ልጅ እግር ሠራተኛ በጥቂት ሳምንት በሚማረው ማሽን ተተካ። ሊንዶች ይህን ጉዳይ ደጋግመው ያነሡታል፤ አባት ለልጁ የሚያወርሰው ሙያ አልነበረውምና።

የዚያን ዘመን ሰው ማታ ማታ ምን ይሠራ እንደነበር ባልተጠበቀ መንገድ ታውቋል። በ2003 የከተማዋ አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ሲታደስ ከ1891 እስከ 1902 ማን የትኛውን መጽሐፍ እንደተዋሰ የሚዘረዝሩ መዝገቦች ከጣሪያ ሥር ተገኙ። ተመራማሪዎች ስሙን ከሕዝብ ቆጠራው ጋር አገናኝተው የተዋሱትን ሰዎች ሥራና ሰፈር ሳይቀር ለዩ። ከሁሉ በላይ የተነበበው ሆሬሽዮ አልጀር ነው፤ ድሃ ልጅ በታታሪነቱ ስለሚያልፍለት ልብ ወለድ በልብ ወለድ ላይ የጻፈ ሰው። ከንጋቱ በፊት በሚነሳ ሰው ከተማ ውስጥ ይህ የሚያስገርም አይደለም።

በ1920ዎቹ ኑሮ የተገለባበጠው በመኪና ነው። በ1923 መጨረሻ ከተማዋ 6,221 የቤት መኪና ነበራት፤ ለሦስት ቤተሰብ ሁለት መኪና ያህል ይደርሳል። መብራት ያልገባበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። የቧንቧ ውሃ ግን ከአራት ቤት አንዱ አልነበረውም። ሊንዶች መኪና ካላቸው፣ ቤታቸው ግን ጎስቋላ ከሆነ 26 ሠራተኞች መካከል የገላ መታጠቢያ ገንዳ የሌላቸው 21 መሆናቸውን ቆጥረዋል። ከመኪናው ይልቅ ከሆዳችን እንቀንሳለን ያሉ እናቶችም ነበሩ። ነገሩ ጥጋብ እንዳይመስለን፤ ለሠራተኛ ቤተሰብ መኪና ከፋብሪካው ሌላ ፋብሪካ ፈልጎ ለመቀጠር፣ እሑድንም ከከተማ ለመውጣት የሚያስችል ነገር ነበር። የሚገዛው በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ነው። ዱቤው ደግሞ ሰውየውን መልሶ ከማለዳው ሥራ ጋር ያስረዋል። ቀሳውስቱ የእሑድ ቅዳሴ ተበተነብን ብለው አማረሩ፤ ወላጆችም ልጆቻችን ከዓይናችን ራቁ አሉ።

ሊንዶች መንሲን የመረጡበት አንዱ ምክንያት ሊሸሸግ አይገባውም። ጥቁርና የውጭ አገር ተወላጅ ጥቂት የሆነባት ከተማ ፈልገው ነበር፤ የዘር ጉዳይ እንዳይገባባቸው። ስለዚህ የመንሲ ጥቁሮች ከጥናቱ ቀሩ። የሚገርመው፣ በ1920 ጥቁሮች ከመንሲ ሕዝብ የነበራቸው ድርሻ ኒውዮርክ ከነበራቸው በመቶኛ ይበልጥ ነበር። «አማካይ አሜሪካ» የተባለው ምስል የተገኘው ሰው ተቀንሶ ነው።

ያልተጻፈው ምን እንደሚመስል አንድ ሌሊት ይነግረናል። ነሐሴ 7 ቀን 1930 ማሪዮን በተባለችው ጎረቤት ከተማ ቶማስ ሺፕና ኤብራም ስሚዝ የተባሉ ሁለት ጥቁር ወጣቶችን ብዙ ሺህ ነጭ ከእስር ቤት አውጥቶ ሰቀላቸው። በማሪዮን አስከሬናቸውን ተቀብሎ የሚያሰናዳ ስላልተገኘ ወደ መንሲ መጣ። አስከሬን የማሰናዳት ሙያ የነበራቸው አንድ ጥቁር ቄስ በሼፈር ቻፕል ተቀበሉት። ነጭ ሰልፈኛ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ የሰፈሩ ጥቁር ወንዶች መሣሪያ ይዘው ቤተ ክርስቲያኑን ሲጠብቁ አደሩ። ከተማው ቱሂ በተባለው የሕዝብ መዋኛ ጥቁር ልጆችን መግባት የፈቀደው በ1956 ነው፤ ያውም ጠብ ከተነሣ በኋላ። ሊንዶች የተዉትን ክፍተት የሞላው ሀርሊ ጉዳል ነው፤ ከመንሲ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር እሳት አደጋ ሠራተኞች አንዱ የነበረና በኋላ ለኢንዲያና ምክር ቤት የተመረጠ ሰው። ለብዙ ዓመታት ያጠራቀመውን የሰፈሩን ታሪክ ይዞ ከተመራማሪዎችና ከተማሪዎች ጋር ሠርቶ «የሚድልታውን ሌላው ገጽታ» የተባለው መጽሐፍ በ2004 ወጣ።

ሮበርት ሊንድ በ1935 ረዳቶች ይዞ ሲመለስ ያገኛት ከተማ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ የተመታች ነበረች። ጄኔራል ሞተርስ በ1932 ፋብሪካውን ዘግቶ ሄዶ፣ ገና በ1935 ነበር የተመለሰው። ብዙ ነገር መሸጥ ሲያቆም የቤንዚን ሽያጭ ግን እምብዛም አልወረደም። በ1937 በታተመው ሁለተኛ መጽሐፍ ሊንድ የቦልን ቤተሰብ «የኤክስ ቤተሰብ» ብሎ አንድ ምዕራፍ ሰጣቸው። ባንኩ ጋር ብትሄድ አሉ፣ ሆስፒታሉ የእነሱ ስጦታ ነው፣ መምህራን ኮሌጁን የከሰረ ትምህርት ቤት ገዝተው በ1918 ለግዛቱ የሰጡት እነሱ ናቸው። ለጋስነታቸውን ማንም አይክድም፤ ሊንድም አልካደም። ጥያቄው ግን ሥራውም፣ ብድሩም፣ ሐኪሙም፣ የልጅህ አስተማሪም ከአንድ ደጅ የሚመጣ ከሆነ ያንን ደጅ ማን ይቃወማል የሚል ነበር።

በዚህ መካከል መላው ከተማ፣ ሠራተኛውም ነጋዴውም፣ በአንድነት የሚጮኽበት አንድ ነገር ነበር፤ የመንሲ ሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ። በ1928 ከሰባት ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ተሠራለት፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ጨዋታ! ቡድኑ የግዛቱን ዋንጫ ስምንት ጊዜ ወስዷል። አሜሪካ የሚያስታውሰው ግን የተሸነፈበትን ቀን ነው። በ1954 የፍጻሜ ጨዋታ 161 ተማሪ ብቻ ያለው የሚላን ትምህርት ቤት ቦቢ ፕላምፕ በመጨረሻዋ ቅጽበት ባስቆጠራት ኳስ መንሲን 32 ለ 30 ረታ። ለ1986ቱ «ሁዚየርስ» ፊልም መነሻ የሆነው ይህ ጨዋታ ነው። ለዓለም ጣፋጭ ተረት ነው፤ መንሲ ግን በገዛ አገሯ ጎልያድ ሆና ቀረች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለው ሠላሳ ዓመት ከተማዋ የተመቻት ጊዜ ነው። ዋርነር ጊር የመኪና ካምቢዮ ይሠራል፤ የጄኔራል ሞተርስም ፋብሪካ እንዲሁ። የመኪና ወዳጅ «መንሲ» ሲባል ዛሬም ቶሎ የሚመጣለት ከተማዋ ሳትሆን በ1960ዎቹ ኮርቬቶች ውስጥ የገባው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ነው። ከኬንታኪና ከቴነሲ ገጠር የመጣው ነጭ ድሃ በደቡብ መንሲ ሰፈረ፤ ጎረቤቱ ያለበት ፋብሪካ ገባ፤ በሠራተኛ ማኅበሩ ትከሻ ደመወዙ አደገ፤ ቤት ሠራ። በፈረቃ መሥራት የቤቱን ሁሉ ሰዓት ይወስን ነበር፤ አባት ሌሊት ከሠራ ልጆች ቀን ድምፅ አያሰሙም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ቴዎዶር ካፕሎው የመራው ቡድን የሊንዶችን ጥያቄዎች ይዞ ተመለሰ። ቤተሰብ ፈርሶ፣ እምነት ጠፍቶ እናገኛለን ብለው የጠበቁ ብዙ ነበሩ። የተገኘው ተቃራኒው ነው፤ ዘመድ ከዘመድ አልራቀም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም ከ1924 አላነሰም። በዚያው ሰሞን ለሕዝብ ቴሌቪዥን ስለ መንሲ ከተሠሩት ፊልሞች አንዱ፣ የሠራተኛ ልጆችን የሚያሳየው፣ ሳይተላለፍ ቀረ። መጠጡ፣ ስድቡና የነጭ ልጃገረድ ከጥቁር ልጅ ጋር ያላት ፍቅር ከከተማዋ ብዙዎችን አስቆጣ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ የፋብሪካ መዘጋት ይቆጥረዋል። የሕዝቡ ቁጥር በ1980 ቆጠራ 77,216 ደርሶ ነበር፤ በ2020 65,194 ሆነ። በመንሲ የጠርሙስ ማምረቻው በ1962 ቆሞ ነበር፤ የቦል ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱን በ1998 ወደ ኮሎራዶ አዛወረ። የጄኔራል ሞተርሱ ካምቢዮ ፋብሪካ በ2006፣ የዋርነር ጊር ወራሽ ቦርግዋርነር በ2009 ተዘጉ። በ2011 የባቡር ራስ የሚገጥም ፋብሪካ ሲመጣ ከተማው ደስ ቢለውም፣ የጠፋውን የሚተካ አልነበረም።

ዛሬ ትልልቆቹ ቀጣሪዎች ሆስፒታሉና ከመምህራን ኮሌጁ ያደገው ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ ሁለቱም ቦል የሚለውን ስም ተሸክመዋል። ማለዳ መብራቷን የምታበራው አሁን ሆስፒታል የምትገባ ነርስ ወይም ረዳቷ ናት፤ ባሏም ከቤት ይውል ይሆናል። ሃያ ሺህ ያህሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነሐሴ ሲመጣ የሰሜኑ ሰፈር ሕይወት ይዘራል፤ ደቡቡ ግን ባዶ ቦታውን እንደያዘ ነው። የደቡቡ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2014 ከሴንትራል ጋር ተዋሐደ። ቤት ርካሽ ነው፤ ትልቅ ከተማ ለለመደ ሰው የማይታመን። መኪና የሌለው ሰው ግን አውቶቡስ መጠበቅ አለበት፤ የገበያውም መንደር በሰሜን በኩል ማክጋሊያርድ በተባለው ሰፊ መንገድ ዳር ተዘርግቶ፣ በእግር ለሚሄድ ሰው ያልታሰበበት ነው።

የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ዕዳ ውስጥ ሲዘፈቁ ግዛቱ በ2018 ባወጣው ሕግ አስተዳደራቸውን ለቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። የትምህርት ቦርዱ አባላት በሕዝብ ምርጫ መምጣታቸው ቀርቶ በዩኒቨርሲቲው የሚሰየሙ ሆኑ። ትምህርት ቤቶቹ ከኪሳራ ዳኑ፣ ጥሩ ነው የሚሉ ወላጆች አሉ፤ የመምረጥ መብታችን ለምን ይወሰዳል የሚሉም አሉ። ሊንድ በ1937 ባነሣው ጥያቄ ላይ መንሲ ዛሬም በየቦርድ ስብሰባው እየተከራከረች ነው።